ሞተሯ ጤነኛ፣ ገላዋ የበሰበሰ

ተጎታቹን ከመንደሩ ጸሎት ቤት ጀርባ፣ ከመንገድ እንዳይታይ አድርገን አቆምነው። ሮዌና ከጎማዎቹ ስር እንጨት ሸጎጠች፤ እኔ የመቆለፊያውን ሰንሰለት ጎትቼ አረጋገጥኩ። የመጋቢት ቅዳሜ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

«ሦስት ጊዜ ጎተትከው» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ ነው።»

«አባዬ!»

ሰንሰለቱን ለቀቅኩት።

ተጎታች መደበቅ የእኛ ሰዎች ልማድ ነው። በጓሯችን ጋራዥ መኪና የምንገጣጥም ሰዎች ሻንሲውንና የፋይበር ገላውን አዲስ እንገዛለን፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና መሪውን ግን ከአንዲት አሮጌ መኪና እናወጣለን። ያቺን አሮጌ መኪና «ለጋሽ» እንላታለን። የቀረው አካሏ ተቆራርጦ ለብረት ነጋዴ ይሄዳል። ይህን ደግሞ ሻጭ አይወድም። ሃያ ዓመት ሲያጥብና ሲወለውል የኖረ ሰው መኪናውን ልትቆራርጣት እንደሆነ ከነገርከው በሩን ይዘጋብሃል። ስለዚህ በማኅበራችን አዲስ አባል መጀመሪያ የሚማረው ብሎን መፍታት አይደለም፤ ሻጭ ፊት «ለጋሽ» የሚለውን ቃል አለማንሳት ነው። ተጎታቹ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሻጩ ከጠየቀ «እሁድ እሁድ ወደ ባሕር ዳር ልንነዳት ነው» ይባላል።

ሮዌና አንድ ልጄ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የሆስፒታል መሣሪያዎች ትጠግናለች። እኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት በእንግሊዟ ከተማ በሊንከን አጠገብ በነበረ የተርባይን ፋብሪካ ልኬት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሌሎች «ደህና ነው» ብለው ያሳለፉትን ዕቃ መልሶ መለካትና ደህና አለመሆኑን ማሳየት ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ችግሩ መለኪያውን ፋብሪካ ትቼ ቤቴ መግባት አለመቻሌ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሮዌና ማርከስ የሚባል ሰው ልታገባ ነበር። ሰውየው ስለ ሥራው የሚናገረው አልገጥም አለኝ። ቀጣሪዎቹ ጋ ደወልኩ፤ የድሮ አከራዩን ፈልጌ ጠየቅኩ። የተናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ማርከስ እንደ ሌባ መጠናቱን ሲሰማ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ፤ ሮዌና ለአሥራ አራት ወር ስልኬን አላነሳችም።

ባለፈው መስከረም አንድ አጭር መልእክት ላከችልኝ፤ «ሻንሲ ገዛሁ። የሚለካ ሰው ያስፈልገኛል» ይላል። ያንን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መኪና አየን። ሦስቱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ የሞተር ቁጥሯ ተፍቆ ነበር፤ እዚያ ላይ ሮዌናም ተስማምታለች። የሁለተኛዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪና የፔዳሎቿ ጎማ አይተዋወቁም፤ ቆጣሪው ጥቂት ይላል፣ ጎማው አልቋል። ሦስተኛዋን ያስቀረሁት ሻጩ ጥያቄ በጠየቅኩት ቁጥር እጁን ሱሪው ላይ ስለሚጠርግ ነው።

«ዛሬ አራተኛዋ ናት» አለች ሮዌና፣ ወደ መኪናችን ተመልሰን ስንገባ። «ባዶ ተጎታች ይዘን ከተመለስን ሰኞ ሻንሲውን ለሽያጭ አወጣዋለሁ። ተናድጄ እንዳይመስልህ። ደክሞኝ ነው።»

«ገባኝ።»

«ሰውየውን አታፋጥጠው። መኪናዋን እይ፣ ቁጥሮቹን አመሳክር፣ ከዚያ አፍህን ዝጋ። ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኳት። ዋናው ጉዳይ መኪናዋ እንዳልሆነች ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሻጩ ሚስተር ሆልጌት የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ከላውዝ ወጣ ብሎ ባለው መንደር፣ ቀይ ጡብ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስንደርስ የግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ደወል አልደወልንም። ከመኪና ስንወርድ መጀመሪያ ያዩት እኛን አይደለም፤ የመኪናችንን የኋላ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም አሉን። ይህን በልቤ መዘገብኩ።

መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ቆማለች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ሸራ ጣሪያ ያላት የጃፓን መኪና፣ የዘጠና አራት ሞዴል። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው «ለሚንከባከባት ሰው፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ፓውንድ» ብቻ ነበር። እንዲህ ያለች መኪና ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ በታች አትገኝም። እኔ ርካሽ ነገር ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የጎደለው የት ነው?

እጄን ኮፈኖው ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል።

መኪና የሚሸጥ ሰው ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር የሚያሞቀው ቀዝቃዛው ሞተር የሚናገረው ነገር ሲኖር ነው፤ ጭስ፣ ኳኳታ፣ አልነሳም ማለት።

«አስነስተዋት ነበር?» አልኩ፤ ድምፄን እንደ ተራ ወሬ አድርጌ።

«ከጎተራ አሁን ነው ያወጣኋት» አሉ።

እስከ ጎተራው ያለው በርምጃ ቢለካ ሃያ አምስት አይሞላም። ሃያ አምስት ርምጃ ሞተር አያሞቅም። ሮዌና በዓይኗ ወጋችኝ።

ኮፈኖውን ከፍተን ሥራ ጀመርን። የሻንሲ ቁጥሯን ሮዌና አነበበች፣ እኔ ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። ገጠመ። የሞተሩን ቁጥር በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት አየሁት፤ አንድ በአንድ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያም ከኋላ ወደ ፊት። ገጠመ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ወረቀቷ ከተስተካከለ ከአንዲት ለጋሽ ብቻ ካልመጡ፣ የምንሠራት መኪና ታሪኳ ላልታወቀ መኪና የሚሰጠውን፣ በ«ኪው» ፊደል የሚጀምረውን ታርጋ ትይዛለች። ያንን ታርጋ ያየ ገዢ ሁሉ ፊቱን ያዞራል።

ሞተሩን አስነሳነው። እንደ ስፌት መኪና ይሠራል። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም፣ ከዲፈረንሻሉ የሚንጠባጠብ የለም። ሚስተር ሆልጌት ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ ሦስት ርምጃ ርቀው ቆመዋል። ወደ ግራ ስሄድ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ስጎነበስ ጎንበስ ይላሉ። የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ቀጥሎ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ በግራው በር ስር በርከክ አልኩ። ከበሩ ስር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ላሜራ በአዲስ ጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ያለው እዚያ ነው፤ እሱ ከበሰበሰ በግጭት ጊዜ እንደ ካርቶን ትታጠፋለች። በኪሴ ሁልጊዜ ጨርቅ የተጠቀለለባት ማግኔት እይዛለሁ። ብረት ላይ ትጣበቃለች፤ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ከፊት ጀመርኩ። ተጣበቀች፣ ተጣበቀች፣ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ምንም የሚይዛት አላገኘችም። በቀኙም በኩል ያው ነው።

ሁሉም ነገር ተገለጸልኝ። ሽማግሌው ብስባሹን በስቱኮ ሞልተው፣ ቀለም ለቅልቀው ጤነኛ መኪና ነች ብለው ሊሸጡ ነው። ዋጋው የረከሰው፣ ከኋላዬ የሚከተሉኝም ለዚህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለእኛ የመኪናዋ ገላ መበስበስ ጉዳት የለውም፤ መጨረሻው ብረት ነጋዴ ዘንድ ነው። ሞተሯ ጤነኛ፣ ወረቀቷ ንጹሕ፣ ገላዋ የበሰበሰ፤ ከዚህ የተሻለ ለጋሽ በሥዕልም አትገኝም። ሰውየው እኛን ያታለሉ ይመስላቸዋል፤ እኛ ደግሞ እሳቸውን እናታልላለን። ማግኔቷን ኪሴ ከትቼ ተነሳሁና ለሮዌና ራሴን ነቀነቅኩላት። ፊቷ በራ። ባለፉት ሦስት ዓመታት እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«ሻይ ልስጣችሁ» አሉ ሚስተር ሆልጌት።

ወጥ ቤታቸው ገብተን ተቀመጥን። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቆርሰው ከአይብ ጋር አቀረቡልን። ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ የከብት ፎቶ ነው፤ በሬዎች ሪባን አስረው፣ ላሞች ከነባለቤቶቻቸው።

«አርባ ሁለት ዓመት በከብት ገበያው አጫራች ነበርኩ» አሉ፣ ሮዌና ስታይ አይተዋት። «ስኳር ስንት ላድርግልሽ፣ ልጄ?»

«አንድ ይበቃኛል። አባቴ አይወስድም፤ ስኳሩም ያጠራጥረዋል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«ክረምት ክረምት የት ነው የምታድረው?» አሉ፤ መኪናዋን ማለታቸው ነው።

«ጋራዥ አለን» አለች ሮዌና። ውሸት አይደለም።

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው።»

«ማን ነው የሚነዳት?»

ሮዌና ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። መዋሸት አትወድም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይሆንላትም። ዝም ካለች ደግሞ ነገሩ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ።

«ሁለታችንም ነን» አልኩ። «እሁድ እሁድ፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን፣ ጣሪያዋን አጥፈን ወደ ሜብልቶርፕ። እዚያ ዓሣና ድንች በልተን እንመለሳለን።»

ድንቹን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ሚስተር ሆልጌት ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ሚስተር ፋውለር፣ አንድ ነገር ላጫውትዎት። በገበያው ላይ ገዢ ከመናገሩ በፊት ምን እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። እንዴት መሰለዎት? እጁን በማየት። ሊያልባት የፈለገ ጡቷን ያያል። ሊያረባት የፈለገ እግሯንና አረማመዷን ያያል። ሊያርዳት የመጣ ግን ወገቧን ነው የሚዳብሰው። ዓይኗን አያያትም። ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ስሟ ማን እንደሆነ አይጠይቅም።»

ሮዌና ማማሰሏን አቆመች።

«እርስዎ አንድ ሰዓት ሙሉ ወገቧን ሲዳብሱ ቆዩ» አሉ። «ሞተሩን፣ ቁጥሩን፣ ከሆዷ በታች ያለውን። ጣሪያዋን ከፍተው አላዩትም። መቀመጫው ላይ አልተቀመጡም። ሊነዳት የመጣ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ቁጭ ብሎ መሪውን ይይዛል፣ እንደ ልጅ። የመኪናችሁ መጎተቻ ጉልላት ደግሞ ክዳኑ ተነሥቷል፤ ግራሶው ገና እርጥብ ነው። ተጎታቹን የት ነው የደበቃችሁት? ጸሎት ቤቱ ጀርባ?»

ሚስተር ሆልጌት ሲኒዎቻችንን መሰብሰብ ጀመሩ።

«ልትበታትኗት ነው የመጣችሁት።»

«አዎ» አለች ሮዌና።

«በሩን ያውቁታል» አሉ ሚስተር ሆልጌት። ድምፃቸው አልጨመረም። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ነርስና ባሏ ይመጣሉ። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጇን መሀል ላይ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ነው። አይቻልም አልኳት። አዘነች። ለእሷ ነው የምሸጣት።»

ወጣን። ጠጠሩን ረግጠን ቀይዋን መኪና ስናልፍ ሮዌና ቀና ብላ አላየቻትም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ያቺ ነርስ በዚህች መኪና መንገድ መውጣት የለባትም።»

«ምን?»

«የበሩ ስር ላሜራ ስቱኮ ነው። በሁለቱም ጎን። ብረት የለውም። አንድ ነገር ከጎን ቢመታት…»

ሮዌና ሁለት እጇን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች፤ ከዚያ አወረደችው። «አሁን? አሁን ነው እንከን ያገኘህባት? እምቢ ካሉን በኋላ? አባዬ፣ እባክህ፣ ዛሬ እንኳን…»

«አሁን አይደለም ያገኘሁት። ሻይ ሳንጠጣ ነው፤ የጫማዬን ክር ሳስር።»

«እና ምንም አልተናገርክም?»

«አፍህን ዝጋ አልሽኝ። ደግሞ ለእኛ ጉዳት የለውም።»

አየችኝ። ቁጣ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረም። ፋብሪካ ውስጥ ደህና ነው ብለን ያሳለፍነው ዕቃ ተሰንጥቆ ሲመለስ እኛ እናየው የነበረውን ዓይነት አስተያየት ነው።

«ሰው አትክሰስ አልኩህ እንጂ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያየኸውን ዋጥ አላልኩህም። ሂድና ንገራቸው።»

ተመልሼ በሩን አንኳኳሁ። ሚስተር ሆልጌት ግማሹን ከፈቱት። ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ አንድም ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም።

«ይሄንን ጨዋታ አውቀዋለሁ» አሉ። «ላሟን ሰው ፊት ታንቋሽሻታለህ፣ ሌላው ገዢ ይሸሻል፣ ማታ ተመልሰህ በግማሽ ዋጋ ትወስዳታለህ። ስሙን ልነግርዎት የምችለው ሰው አለ፣ ይሄን ሲሠራ የኖረ። ያ ላሜራ ባለፈው ሐምሌ በአዲስ ብረት ተበይዷል። ደረሰኝ አለኝ።»

ቢክዱ፣ ቢቆጡ፣ ወሬ ቢቀይሩ ኖሮ የምለው አላጣም ነበር። እሳቸው ግን ሄደው ደረሰኙን አመጡ። ስማቸው፣ ታርጋዋ፣ የሥራው ዓይነት፤ የግራና የቀኝ ላሜራ ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ተበየደ፣ ስድስት መቶ አርባ ፓውንድ። በወረቀቱ ራስጌ ላይ ያለው ስም በእጅ የተጻፈ ነው፤ አድራሻ የለውም። ሽማግሌው ጣታቸውን «አዲስ» በሚለው ቃል ላይ አድርገው ነበር።

ያኔ ነው ስህተቴ የታየኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከኋላዬ የሚከተለኝ አታላይ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የተከተሉኝ ግን የተታለሉ ሰው ነበሩ።

ማግኔቷን ከነጨርቋ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። «እኔን አይመኑ። በእጅዎ ይሞክሩት። መጀመሪያ በሩ ላይ፣ እዚያ ብረት ነው። ከዚያ ታች።»

ማግኔቷን እንደ ሐሰተኛ ሳንቲም ገልብጠው አዩዋት። ቢሆንም ወጡ። ሮዌና ልትደግፋቸው ብትቀርብ እጇን በትሕትና ገፉት። በሩ ላይ አስነኩት፤ ማግኔቷ ከእጃቸው ዘልላ ተጣበቀች። ከዚያ አንድ ጉልበታቸውን ጠጠሩ ላይ አሳርፈው ወደ ታች ወረዱ። ወደቀች። አንሥተው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሞከሩ። ወደቀች። ላሜራውን ከዳር እስከ ዳር በዚህ ዓይነት ጨረሱት፤ አንድም ቦታ አልዘለሉም። ከእኔ የባሰ ጠንቃቃ ናቸው። ከዚያ በቀኙ በኩል ዞሩ። እኛ ቆመን የማግኔቷን ጠጠር ላይ መውደቅ እንሰማለን።

ሲነሡ ትንፋሻቸው አጥሯል። መቀመጫው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ወደ ውጭ አድርገው።

«ዛሬ ጠዋት በእሷ ባሕሩ ድረስ ሄጄ ነው የተመለስኩት» አሉ። «የመጨረሻ ጊዜ ብዬ። በሰዓት ሰማንያ ማይል ነድቻታለሁ፣ በእኔ ዕድሜ። ለሴትየዋ ደግሞ በስልክ ‹እንደ ብረት ጠንካራ ናት› ብዬ ነገርኳት።»

ለሞተሩ ሙቀት የሰጠሁት ምክንያትም ስህተት ነበር ማለት ነው።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እዚያው ደወሉ። ለነርሷ ከአጠገባችን ሆነው ሁሉንም ነገሯት፤ «ተታልዬ ነው» አላሉም። «መኪናዋ ለመንገድ አትሆንም፣ አትምጡ፣ ይቅርታ» አሉ፤ ለመንገዱ ነዳጅ ገዝተው እንደሆነም ሁለት ጊዜ ጠየቋት። ስልኩን ዘግተው ወደ ሮዌና ዞሩ። እኔን አላዩኝም።

«ልጄ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። ዛሬ እሺ ብዬ ለእናንተ ሸጬላችሁ ቢሆን ኖሮ፣ አባትሽ ይህን ይነግሩኝ ነበር?»

ሮዌና አየችኝ። አልረዳችኝም፤ አላጠቃችኝምም።

«ራሱ ይመልስልዎ» አለች።

«አልነግርዎትም ነበር» አልኩ። «ገንዘብዎን ወስዶ ሥራውን ያልሠራው ሰው ሌላ መኪና ላይም እንዲሁ ሲያደርግ ይኖር ነበር፤ እርስዎም ጠንካራ መኪና ሸጥኩ ብለው ይኖሩ ነበር። እኛም ሞተራችንን ይዘን እንሄድ ነበር።»

ሚስተር ሆልጌት ማግኔቷን በጨርቋ ጠቅልለው መልሰው ሰጡኝ።

«ዛሬ ከእርስዎ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይሄ ነው» አሉ። «ያ ዓሣና ድንች እኮ አስጠልቶኝ ነበር። ተጎታቹን አምጡት። ዋጋዋ ያው ነው፤ አንድ ሳንቲም አልቀንስም።»

«አልጠየቅንም» አለች ሮዌና።

«አባትሽ ሊጠይቁ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«አልጠይቅም ነበር» ለማለት ፈልጌ ነበር። ግን ሊጠይቅ የነበረ ሰው ነኝ።

ገንዘቡን ከፍለን፣ ሊብሬው ላይ ፈርመን፣ መኪናዋን በሽቦ ገመድ እየጎተትን ተጎታቹ ላይ ስንጭን አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሚስተር ሆልጌት ደረሰኙን እንድቀዳው ሰጡኝ፤ ያንን ጋራዥ ሊፈልጉ ነው፤ እኔም በማኅበራችን እንዳጠያይቅላቸው ብለው። ሲሰናበቱን የጨበጡት የሮዌናን እጅ ብቻ ነው።

ወደ ሊንከን በሚወስደው መንገድ ላይ ሮዌና ነበረች የምትነዳው። እኔ በጎን መስታወቱ ማሰሪያዎቹን እያየሁ ነበር። አሥር ማይል ያህል ሬዲዮውን ሳትከፍት ነዳች።

«ያየኸውና ያልነገርከኝ ሌላ ነገር አለ?» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

«ሁለተኛ ማርሽ ስታስገቢ ትንሽ ይፈጫል።»

«ሌላስ?»

«የኋላ ግራው ፍሬን ይይዛል። ጎማው ከሌሎቹ ይሞቅ ነበር።»

«ሌላስ?»

ስለ መኪናዋ እየጠየቀችኝ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ወይም ስለ መኪናዋ እየጠየቀችኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ሌላ የሰማሁት። ያም ሆነ ይህ ከዚህ በኋላ ዝም ብል እንዴት አድርጋ እንደምታየኝ አሁን አውቀዋለሁ።

«ስለ ማርከስ መሳሳቴን የነገርኩሽ እሁድ ነው» አልኩ።

መሪው ላይ ያለው እጇ አልተንቀሳቀሰም።

«ያወቅኩት ግን ረቡዕ ነው። ቀጣሪዎቹ ረቡዕ ከሰዓት መልሰው ደውለው ሁሉም ትክክል እንደሆነ ነገሩኝ። እሱ የሄደው ዓርብ ነው። ረቡዕ ማታ ደውዬ ይቅርታ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት… አላውቅም። ሌላ ስህተት አገኝበት ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ፈለግኩ።»

ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ነበር። ሮዌና ተከትላው ሄደች፤ መንገዱ ሲሰፋም አላለፈችውም። የእሷና የእኔ ቤት የሚለያዩበት አደባባይ ስንደርስ ወደ እኔ ቤት አዞረች። ቤቴ ደጃፍ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ ቆየች። ወረድኩ። በጉዞ ላይ ይላላሉና ማሰሪያዎቹን ዞሬ አጠበቅኳቸው፤ አልከለከለችኝም። ወደ መስኮቷ መጣሁ። መስታወቱን አወረደችው።

«ነገ አትምጣ» አለችኝ። «ሞተሩን በክሬኑ ብቻዬን አወጣዋለሁ።»

«እሺ።»

ማርሽ አስገባች፤ ፍሬኑን ግን አለቀቀችም። ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታያለች።

«ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ና» አለች። «ዲፈረንሻሉ ለአንድ ሰው ይከብዳል።»